ሻይ የምንከድንበት መታጠፊያ

ውድ ወንድሜ ክላይቭ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀምራለች። እኔም ትምህርት ጀምሬ ነበር፤ አሁን ዕረፍት ላይ ነን።

የሞተር መወዳደሪያ ሜዳችን ተሸጧል፤ ከገና በኋላ ቤቶች ይሠሩበታል። ቅዳሜ የመጨረሻውን ውድድር ለማየት የመጣነው መቶ አንሞላም ነበር። ቦታህን ማንም አልነካብህም። ሞተሮቹ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲንሸራተቱ ቀዩ አፈር ተረጨብን፤ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሻያችንን በመዳፋችን ከደንን።

«ድሮ ሰልፉ ድልድዩ ድረስ ነበር» አሉኝ ሻይ ሻጩ ሚስተር ኦግደን። «ወንድምህ ደግሞ ያንን እንደ ኤሊ የሚጎተት ተወዳዳሪ፣ ቶርበንን ሲደግፍ ጆሯችንን ያደነቁረን ነበር።»

«አንዴ እኮ አሸንፏል።»

«ሦስቱም ተፎካካሪዎቹ ወድቀውለት ነዋ።»

አስከሬንህ ከተቃጠለ በኋላ አመድህን የበተንነው እዚያው መታጠፊያ ላይ ስለሆነ፣ ግንበኞቹ አፈሩን ወዴት እንደሚወስዱት አባዬን ጠየቅኩት። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ሚስተር ኦግደን ሰላም በልልኝ ብለዋል።

ሰኞ እማዬም ወደ ሥራ ስለተመለሰች፣ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ኩባያህን ይዤ በሜዳው አጥር ቀዳዳ ሾለኩ። ከመታጠፊያው አፈር ሞላሁበትና፣ ነፋስ እንዳይወስደው በመዳፌ ከድኜ ቤት አደረስኩት።

ወንድምህ ኔቪል