ያለ ጠጠር የቆመው ግንብ

እታለም፣

እንዴት ነሽ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። አፈሩን ደግፎ የያዘው የጓሯችን ግንብ ተንዶ ከገደለሽ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። እዚህ ካናዳ የቸስተርሚር ሐይቅ ዳር ዳሩን በረዶ መሥራት ጀምሯል። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። እማዬ ክፍልሽን አልነካችም። አባዬ ከሥራ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይቆያል።

የምጽፍልሽ ስለ አርባሽ ነው። ሌላ ሰው በደንብ አይነግርሽም።

እኔና እማዬ አክስታችን ቤት ሳለን የአባዬ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር መጥተው ግንቡን መልሰው ሠሩት። እማዬ ፍርስራሹን እያየች እንግዳ እንዳትቀበል አዝነውላት ነው። ስንመለስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብሎኮቹ አዲስ ናቸው። ከኋላ የሞሉት ግን ያንኑ አንቺን የቀበረሽን ጭቃ ነበር። ጠጠር የለም፣ ውሃ የሚያወጣ ቱቦም የለም።

ትምህርት ቤት ስታደርሺኝ በየመንገዱ ዳር ያለውን ግንብ እያየሽ ይሄ የውሃ መተንፈሻ አለው፣ ይሄ የለውም ትዪ ነበር። እኔ ቺፕሴን እየበላሁ እስቅብሽ ነበር። የኛ አፈር ውሃ ጠጥቶ አይለቅም፣ ሲበርድ ያብጣል፣ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ከብዶ ይገፋል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለአባዬም ነግረሽዋል። ሰመር ይምጣና እናፈርሰዋለን አለሽ። የግንቡን ማበጥ ልትለኪ እንደወጣሽ ተናደብሽ፤ ሰመርን አላየሽም።

ጋሽ ታደሰን ጠጠሩስ አልኳቸው። ትከሻዬን አቅፈው፣ እሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ እንግዳው ይስተናገድ አሉኝ። አባዬ ዝም በል አለኝ።

ለአርባሽ አጥቢያ ሲዘንብ አደረ። ድንኳኑን ከግንቡ ሥር ያለው የሲሚንቶ ስላብ ላይ ተከሉት። ነፋስ ይከልላል ብለው የሴቶቹን ወንበር ግንቡን አስደግፈው ደረደሩ፤ እማዬ መሃል ላይ ነበረች። ካህኑ ጸሎት ሳይጨርሱ ቀና ብዬ ሳይ ግንቡ ሆዱን ነፍቷል።

ተነሡ ብዬ ጮህኩ። ኀዘን ነው፣ ልጁን ያዙት አሉ። አንድ ሰው ክንዴን ሲይዘኝ በክርኔ አፉን መታሁት፣ ደማ። ከጋራዥ ትልቁን መዶሻ አመጣሁና ሰው ያልተቀመጠበትን ጫፍ መታሁ። ብሎኩ ተሰንጥቆ ወደቀ። ሴቶቹ እየጮሁ ሸሹ። አባዬ በጥፊ ጣለኝ። ተነሥቼ ደግሜ መታሁ፣ ደግሞ ጣለኝ።

«በእህትህ አርባ ላይ?» አለኝ።

እማዬ ብቻ አልጮኸችም። ወንበሯን አንሥታ ማዶ አጥሩ ጋ ወስዳ ተቀመጠች። «ልጄን በልቷል። አፍርሱት» አለች።

አባዬ መዶሻውን ነጠቀኝ። ሊመታኝ መስሎኝ ራሴን ሸፈንኩ። ግንቡን መታው። ጭቃው በስንጥቁ ተተፋ፣ ከዚያ መሃሉ በሙሉ ተዘርግፎ ባዶዎቹን ወንበሮች ጨፈለቃቸው። አባዬ ግን አላቆመም። አንዴ ግንቡን፣ አንዴ ራሱን እየሰደበ፣ የመዶሻው እጀታ ደም በደም እስኪሆን መታው።

ሰመሩን ሙሉ ቆፈርን። ጋሽ ታደሰም አካፋቸውን ይዘው መጡ፤ ቀና ብለው አላዩኝም፣ ሥራውን ግን እስከ መጨረሻው ሠሩ። ስላቡንም ሰብረን ከሥሩ ጠጠር አስገባን። ግንቡን እንደገና ሠርተን ከኋላው ጠጠር ሞልተን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቀበርን። ባለፈው ሳምንት አባዬ ከላይ ውሃ ለቀቀበትና ከታች በቱቦው አፍ እስኪወጣ ተንበርክኮ ጠበቀ። ሲወጣ መሬቱን በቡጢ መታው።

አንቺም ታናድጂኛለሽ። ማበጡን እያወቅሽ ለምን ተጠጋሽው? ሌሊት ሌሊት በሕልሜ እጣላሻለሁ።

ቱቦው በቅጠልና በጭቃ ከተዘጋ ግንቡ እንደገና ይገፋል። ስለዚህ በየዓመቱ በረዶው ሲለቅ አፉን የምጠርገው እኔ ነኝ። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ የገዙትን ሰዎች በር አንኳኩቼ፣ ስምሽን ነግሬያቸው፣ ገብቼ እጠርጋለሁ።

ወንድምሽ ናቲ