እጯ የተማረችው ሽታ

ሰይዶ ወንድሜ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ወባ ከእጃችን ነጥቆ ከወሰደህ ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

እማ አሁንም ከሚሴ ገበያ ማንጎ ትሸጣለች። እኔም ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አግዛታለሁ። የጠፍር አልጋህ ላይ ማንም አይተኛም፤ ግን ከሰዓት ብቻዬን ስሆን ሲጥ ሲል እሰማዋለሁ።

የበሰበሰ ማንጎ ላይ ትንንሾቹ ዝንቦች ሲሰፍሩ አንተ ትመጣብኛለህ። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥተህ፣ ብርጭቆ ውስጥ ሙዝ ከተህ በሻሽ ሸፍነህ አብረን ጠበቅናቸው። እማ፣ የላክንህ ዝንብ እንድታረባ ነው ወይ እያለች ሳቀችብህ። ከእንቁላላቸው የወጡት እጮች ሲሳቡ፣ ቡናማ ሽፋን ውስጥ ገብተው ዝም ሲሉ፣ ክንፍ አውጥተው ሲወጡ አየን።

ደብተርህ ላይ የዝንቧን አእምሮ ሳልክልኝ። በግራና በቀኝ እንጉዳይ የሚመስል ክፍል አላት፤ ሽታ የምትማረውም የምታስታውሰውም በእሱ ነው አልከኝ። እጭ ሳለች የበቀሉት ሴሎች፣ ሽፋኑ ውስጥ ስትገባ ክሮቻቸው ይቆረጣሉ። ሴሎቹ ግን አይሞቱም፤ አዲስ ክር ያወጣሉ፣ ሌሎች ሴሎችም ይጨመሩላቸዋል። ታዲያ እጯ የተማረችው ሽታ ዝንብ ስትሆን ይቀራል ወይስ ይጠፋል ብዬ ጠየቅኩህ። አስተማሪዬን ጠይቄ እነግርሻለሁ ብለህ ሄድክ። ስትመለስ ትኩሳት ይዞህ ነበር።

ሰይዶ፣ የደበቅኩት ነገር አለ። ለአርባህ ልብስህ ሰደቃ ሊሰጥ ሲል፣ የቆሸሸ ልብስ ሰደቃ አይሆንም ብዬ ሁሉንም ቦርከና ወንዝ ወርጄ አጠብኩ። እማ ትራሷ ሥር ያስቀመጠችው ሰማያዊ ሸሚዝህም የተረሳ መስሎኝ ፈተግኩት። ለጠረንህ ብላ እንዳስቀመጠችው የገባኝ በኋላ ትራሷን ደጋግማ ስትዳብስ ሳይ ነው። ሳታየኝ አጥፌ ቦታው መለስኩት። ፀሐይ ስለመታው የሳሙና ሽታ እንኳ አልነበረውም። ስታገኘው አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ጠረኑን እንኳ ይዞብኝ ሄደ አለች። እኔ ማጠቤን ሳልነግራት ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ፊትህ ይታየኛል፤ ድምፅህ ግን እየራቀብኝ ነው። የእኔም ክሮች እየተቆረጡ ይሆን እላለሁ። አንተ ስትገነዝ በመጋረጃው በኩል የመጣው፣ ለሬሳ የሚደረገው የካፉር ሽታ ግን አልተቆረጠም። የትም ቦታ ሲሸተኝ እግሬ ሳላዘው ይሸሻል።

እማ እስከ ዛሬ ትቀየምሃለች። ጠረንህን የወሰድክባት አንተ ትመስላታለህ። ዛሬ ከገበያ ስንመለስ ሸሚዝህን አጥቤ ጠረንህን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ እነግራታለሁ። ብትቆጣም፣ ብታለቅስም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከዚያ ስትስቅ አፍህን በመዳፍህ እንደምትሸፍን፣ ጫማህን ሳትፈታ እንደምታወልቅ፣ ስሜን ስትጠራ መጨረሻውን እንደምትጎትተው፣ ያለኝን ሁሉ አወጣላታለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እናገራለሁ። አልረሳህም ወንድሜ፤ ለብቻዬ ዝም ብዬ ከያዝኩህ ግን ትጠፋብኛለህ።

እህትህ ዘህራ