ጃማ ያየው ቅጠል

ለምወድህ ወንድሜ ለአምሀ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ባለቤትህ ኡርሱላ እንዴት ናት? ልጆችህ እሌኒና ደረጄስ? የጀርመን ብርድ የሚገባበት ወር ነውና ደረታችሁን ሸፍኑ። እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ መነጽሬን ካደረግሁ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ዛሬም ራሴ ነኝ። ይህን ሁሉ ያስቀደምሁት ቁጣ ሰላምታን አይቀድምም ብዬ ያሳደግሁህ እኔ ስለሆንሁ ነው። ቁጣው ከዚህ ይጀምራል።

ደብዳቤህና ባለቀለሙ ፎቶግራፍ ጥቅምት ሃያ ቀን ደረሱኝ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ተለጥፏል፤ የከፈተው ሰው ቅጠል ብቻ ሲያገኝ ምን እንዳለ እንጃለት። በምትሠራበት የመስታወት ቤት ስላለው ዝንብ በሊታ ተክል አራት ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። ፎቶግራፉን መስኮት ሥር አድርጌ መረመርሁት። የቅጠሉ ጫፍ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርድና መጨረሻው ላይ ሆዱ ያበጠ እንስራ ይሆናል። ከንፈሩ እንደ ቀሚስ ጠርዝ የተሸነሸነ ነው፤ ሆዱ ላይ የደም ሥር የመሰለ ቀይ መስመር ወርዶበታል፤ ከላዩ ክዳን አለው። ያምራል፣ አምሀ። ዕድሜ ልኬን ስጠልፍ ኖሬ እንዲህ ያለ ጠርዝ አልወጣልኝም። ያንገበገበኝም ማማሩ ነው። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለመርሳት ይቀለኝ ነበር።

ከደብዳቤህ ግርጌ ግን እንደ ዋዛ እንዲህ ብለሃል፦ «እታለም፣ ያቺ የሱማሌ ልጅ ያለችው እኮ እውነት ነበር! እኔማ እርሻ ትምህርት ቤት ሳለሁ መጽሐፍ ላይ አይቼው ነበር፤ አንቺን ፈርቼ ዝም አልሁ እንጂ።» ይህን ካነበብሁ በኋላ ውበቱን የዘረዘርህበትን አራት ገጽ ሁለተኛ ማየት አልቻልሁም። «ያቺ የሱማሌ ልጅ» ያልሃት ኤብላ ትባላለች። ስሟ ከጠፋህ ሌላውም ጠፍቶህ ይሆናልና ላስታውስህ።

ዓመቱ 1957 ነበር። አንተ ከእርሻ ትምህርት ቤት ወጥተህ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በረዳት አስተማሪነት የገባህበት ዓመት ነው። ኤብላ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሉም አንደኛ። በሳይንስ ፈተና ላይ ዕፅዋት ምግባቸውን ከምን እንደሚያገኙ ጠየቅሁ። ከአፈር፣ ከውኃና ከፀሐይ ብርሃን ብላ በደንብ ከመለሰች በኋላ፣ «ዝንብ ይዞ የሚበላም አለ፤ አጎቴ ጃማ አይቷል» የሚል ጨመረችበት። እኔን ያስተማሩኝ ፈረንሳዮቹ ደናግል ከደብተሩ አንድ ቃል ከወጣን ጣታችንን በማስመሪያ ይሉን ነበር፤ ትምህርት ማለት እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክፍሉ ፊት አቁሜ «ዋሽቻለሁ በይ» አልኋት። «ስለ ራሴ ቢሆን እል ነበር፤ አብቲን ግን ውሸታም አላደርገውም» አለችኝ። አብቲ የእናት ወንድም ነው። «እንግዲያው አምጪው» አልኋት።

አመጣችው። ጃማ በእንግሊዝ መርከብ የከሰል እሳት ሲያነድ የኖረ ሰው ነበር። በዚያ ሙቀት ወፍራም የመርከበኛ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጢሙን በሂና አቅልሞ መጣ። ለእኛ ክብር መልበሱ እንደሆነ ያን ጊዜ አልታየኝም። አማርኛ ስለማያውቅ ኤብላ አስተረጎመችለት። በሩቅ ምሥራቅ መርከባቸው ተበላሽታ አንድ ወር በቆመችበት አገር፣ ጫካ ውስጥ አይቼዋለሁ አለ። እዚህ ወተት የሚያኖሩበትን ሀን ይመስላል፤ ሆዱ ውኃ አለው፤ ከንፈሩ ላይ ማር አለ፤ ዝንቡ ማሩን ሲልስ እግሩ ይከዳውና ይወድቃል፤ በሄድሁበት አገር ሁሉ ካየሁት አበባ እሱ ይበልጣል አለ። በከዘራው ግቢው አፈር ላይ ሣለልን። ክዳኑ ይዘጋ እንደሆነ ጠየቅሁት። አይዘጋም፤ ዝናብ መከለያ ነው አለ። «ካልተዘጋባት ዝንቧ ምን ይዟት ትቀመጣለች? እራት ተጋብዛ ነው?» አልሁ። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንተ በረንዳው ላይ ቆመሃል፤ አልሳቅህም። ጃማ ሥዕሉን በጫማው አጠፋና የእህቱን ልጅ እጇን ይዞ ወጣ። ከማግሥቱ ጀምሮ የኤብላ ወንበር ባዶ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶግራፉን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ኤብላ ከቶጎጫሌ የሚመጣ ጨርቅ ትሸጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት በደጇ ሳልፍ ሰላም ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ባለጌ ናት እያልሁ አልፋት ነበር። ፎቶግራፉን ባንኮኒዋ ላይ አኖርሁላት። ብዙ አየችውና «ክዳኑ ክፍት ነው» አለች። አዎን፣ ክፍት ነው አልኋት። ማን እንዳነሣው ጠየቀችኝ። ወንድሜ ነው፤ ያን ጊዜም ያውቅ ነበር አልሁ። ባልናገር ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሰውን ዋሸህ ብዬ ስቀጣ የኖርሁ ሴት ሌላ ሐሰት ልጨምርበት አልወደድሁም። ሳቀች። «ወይ ቲቸር፣ ይህን ሁሉ ዓመት እርግማኔን ብቻሽን ስትበይው ኖርሽ! ከዛሬ ወዲያ እኩሌታው የወንድምሽ ነው» አለች። አንቺ ነው የምትለኝ፤ አላረምኋትም። ይቅርታ ስጠይቃት ግን ሳቋ ጠፋ። «ውሸታም የተባለው እኔ አይደለሁም። እሱ ቀብሪበያ ታሞ ተኝቷል፤ እሱን ጠይቂ» አለችኝ።

እሑድ ዕለት አብረን ሄድን። ጃማ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፤ ከአልጋም አይነሣም። ፎቶግራፉን እጁ ላይ ብናኖርለት በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ልሙጥ ወረቀት ሲሆንበት መለሰልን። ጥፋቴን አንድ በአንድ ተናገርሁ፤ ያስተረጎመችው ዛሬም ኤብላ ናት። ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦ «ይህች ሴት ያን ጊዜ አላየችም፤ አሁንም አላየችም። በዓይኗ ያላየች ምን ትመሰክርልኛለች? ወረቀትም ምስክር አይሆንም። ያየ ሰው ካለ እሱ ይናገር።» ደግሞም ጠይቂልኝ አላት፤ ሰው ጣቱን ነክሮ ሲያወጣው ውኃው አሁንም እንደ ምራቅ ይጎተታል ወይ? አላውቅም አልሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳስተምር ይህን ቃል ለተማሪም ለወላጅም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ያየኸው አንተ ነህ። መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጻፍ። ለእኔ ሳይሆን ለጃማ ጻፍ፤ በገዛ እጅህ፣ በሙሉ ስምህ። ጣትህን ነክረህ ውኃው ይጎተት እንደሆነ ጻፍለት። ማሩ ምን እንደሚሸት፣ ዝንቧ ከየት በኩል እንደምትወድቅ፣ ክዳኑም እንደማይዘጋ ጻፍለት። ከዚያ ቀጥለህ በዚያች ቀን እውነቱን እያወቅህ በረንዳው ላይ ዝም ብለህ መቆምህን ጻፍ። እኔን ፈርተህ እንደሆነም አትዝለለው፤ ያስፈራሁህ እኔ ነኝና ድርሻዬን አልሸሽም። ግን ከሃያ ሁለቱ ዓመት አሥራ ስድስቱን የኖርኸው ባሕር ማዶ ነው። እዚያስ ያስፈራህ ማን ነበር?

ይህ ደብዳቤ ደርሶህ መልስህ እስኪመጣልኝ አርባ ቀን ይፈጃል። ሐኪሙ ለኤብላ የነገራት የጃማ ቀሪ ዕድሜ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ይህን ባነበብህበት ቀን ጻፍ። ሲደርሰኝ ያው ቀን ቀብሪበያ ወስጄ ኤብላ እያስተረጎመች ራሴ አነብለታለሁ፤ አንድም ቃል አልቀንስም።

ኡርሱላን ስለ ሹራቡ አመሰግናለሁ በልልኝ፤ ልክ ነው። እሌኒን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አማርኛዋን እንዳትተው። ደረጄንም ሳምልኝ፤ ጥያቄ ሲያበዛ አትቆጣው። ጎረቤቴ ደሃቦ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች። ኤብላ ሰላም አላለችህም፤ ልጨምር ወይ ብዬ ብጠይቃት እምቢ አለችኝ። ያላለችውን አልጽፍም።

እህትህ ካሳነሽ

ጅጅጋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.