ለሳህሉ መቃብር ስለተከለከለው ድንጋይ

ለተከበራችሁ የኔዘር ፔልኮት መንደር ታሪክና ቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ አባላት፣
እንግሊዝ

ክቡራን ሆይ፣ ካለሁበት ከቶሮንቶ፣ ከፓርክዴል፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለእናንተ ጤና፣ ስምንት መቶ ዓመት ለሞላት ቤተ ክርስቲያናችሁም ደኅንነት እመኛለሁ።

እኔ በመንደራችሁ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፣ ባለቤቴን ሳህሉ ዋለልኝን እዚያው ቀብሬ ልጄ ዘንድ የመጣሁ ሴት ነኝ። በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ለማቆም ፈቃድ ብጠይቅ የሰጣችሁኝ መልስ ደርሶኛል፤ ስላስተማራችሁኝም አመስግኜ አልጨርስም።

፩ኛ/ የእኔና የሟቹ የቤተሰብ ስም ስለማይመሳሰል ሚስቱ መሆኔን ተጠራጥራችኋል። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ ልጅም በአባቱ ስም እንጂ በአያቱ አይጠራም። ልጃችን ሔርሞን ሳህሉ ናት። የጋብቻ ወረቀታችንን ብልክላችሁም ስማችን እዚያም አልተመሳሰለላችሁም። ለካ አንድ ጣሪያ ሥር የኖርነው ሦስት ባዕዳን ነን፤ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ስላሳወቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ/ የአማርኛ ጽሑፍ ለመንደሩ ጥንታዊ መልክ አይስማማም ብላችኋል። ከመንደራችሁ በብዙ መቶ ዓመት የሚበልጠው ፊደላችን ገና ልጅ ሆኖ ስለታያችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ/ ያሳተማችሁትን የመንደሩን ታሪክ ልጄ አስመጥታልኝ አነበብሁት። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ሰዓት አንድም ቀን ቆሞ እንደማያውቅ በኩራት ጽፋችኋል። ሳህሉ በሚያመው ጉልበቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባ ደረጃ እየወጣ ይሞላው ነበር። በመጽሐፉ ፎቶግራፍ ላይ ቄሱ ከሰዓቱ አጠገብ ፈገግ ብለዋል፤ ከሳህሉ ተቆርጦ የቀረው ክንዱ ብቻ ነው። ክንዱን ስለተዋችሁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ተናድጄ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም።

አራተኛም ነበረኝ። ነገር ግን መቃብሩ ላይ የተተከለው እንጨት እየበሰበሰ ነው፤ ከወደቀ ሳህሉ የት እንደተኛ የሚያውቅ አይኖርም፤ ስለዚህ በደብዳቤ ጊዜ አላባክንም።

ለቅርስ ያላችሁን ፍቅር ከውቅያኖስ ማዶ እያደነቅሁ በታላቅ ትሕትና የምሰናበታችሁ፣
ተሻለች መንግሥቱ
ኮሚቴው ካልተቃወመ፣ የሳህሉ ዋለልኝ ሚስት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ከሟቹ ጋር አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ያለው ዘመድ ቅጹን እንዲፈርም አዝዛችኋል። ሳህሉ ወንድምም እኅትም አልነበረውም፤ ከዘመዶቹ ሁሉ ዋለልኝ የሚባሉት አባቱ ብቻ ናቸው፤ ከሞቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቅጹን የምታደርሱበት መንገድ ካገኛችሁ፣ ምራትዎ ተሻለች እጅ ትነሳለች በሉልኝ፤ እሳቸው ማን እንደሆንሁ ያውቃሉ።