መልሼ የላክሁት ገንዘብ

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

መጋረጃ አጠብኩ። ሰቅዬው ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን፣ ወደ ሒሳብዎ ገቢ ሆኗል...» በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ። ከልጄ ይልቅ ስልኩ ያከብረኛል። ቁጥሩ ድረስ አነበብኩ። ከዚያ በታች ያለው ደቃቅ ፊደል ዓይኔን ያደክመዋል፣ ተውኩት።

ድሮ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄ ራሱ ይዞት ይመጣ ነበር። መስታወት ቆራጭ ነው፤ ጣቱ ፕላስተር አያጣም። ገንዘቡን ትራሴ ሥር ይከትና ፍራሼ ላይ ጋደም ይላል። «እማዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ እስኪመሽ ያንኮራፋል። እቆጣለሁ። ደስ እያለኝ እቆጣለሁ።

አምና ሚስቱ መጥታ ይሄን የገንዘብ መላኪያ ስልኬ ላይ ጫነችው። ከእንግዲህ አይጉላሉም እማማ፣ አለች። ማን ተጉላላሁ አላት?

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ደወልኩለት። ገባልኝ አልኩት። «ምኑ?» አለኝ። ገንዘቡ ነዋ። «እ... አዎ አዎ። በይ እማዬ፣ መሰላል ላይ ነኝ።»

የላከውንም ይረሳል። አባቱም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጫማውን አድርጎ ጫማውን ይፈልግ ነበር።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ጉልበቴን አሞኛል። ማንም አልመጣም። ማን ይመጣል?

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ገባ። ስልኩ ላይ አፍጥጬ ቆየሁ... ገንዘቡ ባይደርሰኝስ? ይዞት ይመጣ የለ?

ዕድሜዬን ሙሉ ትምህርት ቤት ሳጸዳ ጥቁር ሰሌዳ ጠረግኩ፣ የምጠርገውን ሳላውቅ። ማታ ትምህርት የገባሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አሁን «ለላኪው መልስ» የሚለውን ለማንበብ ማንንም አልጠራም። ነካሁት። የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ። ሄደ።

እሰይ። አሁን ይምጣ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አልደወለም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ፍራሹን አራገፍኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ። በር ተንኳኳ። ሚስቱ። ብቻዋን።

ልብስ መተኮሻ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከዚያ በቀጥታ መምጣቷ ነው፣ የካውያ ሽታ ይዛ ገባች። እንኳን ልትቀመጥ ቦርሳዋንም አላወረደች። ዓይኗ አብጧል።

«እማማ፣ ምን አጠፋሁ?»

ለዓመት ያጠራቀምኩት ወቀሳ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝ።

«ስሜን አይተው ነው የመለሱት። ገንዘቤን ከተጸየፉት ይንገሩኝ።»

ያንቺን? አልኳት።

እያለቀሰች ነገረችኝ። እሱ ነገ እልካለሁ ይላል፤ ነገ ሲል ወሩ ያልቃል። ክፋት የለበትም፣ ይረሳል እንጂ። ስለዚህ ከመጀመሪያውም የምትልከው እሷ ናት፣ ከራሷ ደሞዝ። ስሟ በየወሩ እዚያው ደቃቁ ፊደል ውስጥ ተጽፎ ኖሯል። አይቼ ዝም ያልኩ መስሏታል። አንድ ቀን እንኳ «ደረሰኝ» ብዬ እንድደውልላት ስትጠብቅ ከርማለች... እኔ ለእሱ ስደውል።

እውነቱን ነገርኳት። እሱ እንዲመጣ ብዬ ነው የመለስኩት።

ሳቋ አመለጣት። «እሱማ መመለሱንም አልሰማ።»

እኔም ሳቅኩ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ? አንድ ነገር ተማከርን። በሚመጣው ወር አትልክም፤ አታስታውሰውምም። ይርሳውና እንየው።

ሻይ ላፈላ ገብቼ ስመለስ ፍራሹ ላይ ጋደም ብላለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትተኩስ የዋለች ሴት... ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩባት። አታንኮራፋም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ዛሬም መጣች። መጋረጃው ተጨማዷል ብላ ካውያ አስጣደችኝ። የቤት መጋረጃ ማን ይተኩሳል? አልሰማ አለች፣ ተኮሰችው። አምሮበታል። አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ስልኩ ጮኸ። መነጽሬን ፈልጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። የላኪ ስም... የልጄ። ዘግይቶ፣ ግን ራሱ።

ወዲያው ደወለ። «እማዬ፣ ገባልሽ?» ገባልኝ፣ አንተስ መቼ ነው የምትገባው? አልኩት። ሳቀ። አፈረም መሰለኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። ይምጣ። ፍራሹን ግን የቀደመው ሰው አለ።

እሷ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ሥራ በዝቷል፣ የዚህን ቅዳሜ እንጃ ብላ ነው የሄደችው። ይሄው ከዚያ ወዲህ ልቤ እንጃ እንጃ ይለኛል። ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት አይፈቀድላትም። መልእክት ልጻፍላት? መጻፊያው የት እንዳለ አላውቅም። ከዚህ ስልክ የማውቀው የገንዘቡን ብቻ ነው።

እሱኑ ከፈትኩት። የእሷን ስም ነካሁ። «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለው። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ሌላ ሰው የሚያነበው ነገር ጽፌ አላውቅም። አንድ አንዱን ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ፦

ቅዳሜ አትቅሪ።

ያለ ገንዘብ አልሄድም አለኝ። አንድ ብር ጨመርኩለትና ላክሁት።