የእንግጫው ረግረግ

አምበር፣ ነሐሴ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውድ እስከዳር፣

የባሕር ዳር ክረምት እንዴት ይዟችኋል? ዜማስ? ባለፈው በስልክ «ልጄ ሰባት ዓመት ሞላት፤ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አመጣትና እኛ በነቀልንበት እንግጫዋን ትነቅላለች» ስትይኝ ወሬ መቀየሬን ታዝበሽ ይሆናል። ቦታውን በአጥር ያስከለልኩት እኔ መሆኔን ለመናገር አፌ አልታዘዘኝም።

ረግረጉ ያኔ እንደምታውቂው አይደለም። የላይኛው ዳር ታርሶ ጤፍ ተዘርቶበታል፤ የታችኛውን ከብት ጨርሶታል። እንግጫ የቀረው መካከሉ ላይ ብቻ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴም እሱ ነው፤ ሰውም ከብትም ካልገባበት ሣሩ ምን ያህል እንደሚያገግም እለካለሁ። ባለፈው ኅዳር የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ እስከ ጥቅምት ማንም እንዳይገባ ተስማማልኝ። ልጃገረዶች እንግጫ የሚነቅሉባት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በመካከሉ እንዳለች ያነሳ አልነበረም። የተሰበሰቡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ እኔም ረስቼው ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ልጃገረዶቹ ቦታቸውን ሊያዩ መጡ። ጠባቂው አያ እንዳላማው የአጥሩ በር ላይ ቆመዋል።

«አያ፣ ያሳልፉን እንጂ!»

«እኔን ምን ትሉኛላችሁ? ባለቤቷ ያቻትላችሁ።»

የኔአለም የምትባለው፣ ከሁሉም ምላሰኛዋ፣ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሣር መለካት ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

«ለክቼ ስጨርስ ትነቅላላችሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

«ጎንጉነን የቤታችን ምሰሶ ላይ የምናስረው እኮ በመስከረም አንድ ማለዳ ነው! ለእርስዎ ሲባል አዲስ ዓመት ይዘግይ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ «ቃል የገባነው ለአንቺ ነው፤ ካልፈቀድሽ አንከፍተውም» አሉኝ።

ከፈቀድኩ ልኬቱ ይበላሻል፤ በጥር አልመረቅም። ከከለከልኩ ደግሞ አጥሩ የእኔ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እኔ የሄድኩ ዕለት ከብቱ ይገባል፣ ማረሻው ይከተላል። በፖሊሲ ትምህርታችን «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ከእነሱ አንዷ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ መሆኗን ግን ያየሁት አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ሳገኛት ነው።

«ግማሹ ይከፈት» አልኳቸው። የተነቀለው መልሶ እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ ካልተነቀለው ጋር እያስተያየሁ እለካለሁ። አማካሪዬ በስልክ «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አንድ ክረምት ግን ይጨምርብሻል» አሉኝ። አውቄው ነው የገባሁበት። ያን ቀን ማታ ትንሽ ማልቀሴን ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

የኔአለም ስትሰማ እሷም ድርሻዋን ጨመረች። «የተዘጋውን ግማሽ በተራ እንጠብቃለን፤ አያ እንዳላማው እንደሆነ እንቅልፍ ይወዳሉ።»

«አንቺ የተረገምሽ! መቼ ተኝቼ አየሽኝ?»

«ትናንት፤ የመሪጌታ ላም አጠገብዎ ስትግጥ!»

እና እስከዳር፣ በጥር ለምረቃዬ እንዳትመጪ። ለዋዜማው ነይ። ለዜማ ቦቲ ግዢላት፤ ጭቃው ጉልበቷ ድረስ ይውጣታል። የተከፈተው የትኛው ግማሽ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም፤ የልጆቹ ጩኸት ከአስፋልቱ ይሰማል።

እህትሽ ሥራነሽ