መጽሐፍ ላይ የቆመችው ልጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ሥራ ሠራሁ ማለት አልችልም። በቤተ መጻሕፍታችን ግቢ የተሠራችው የሲሚንቶ ሐውልት ቅዳሜ ትመረቃለች፤ መጥሪያው ሮቤና ጎበሳ ድረስ ሄዷል። አራት ትልልቅ መጻሕፍት ተደራርበው አንዲት ተማሪ እላያቸው ላይ ቆማ ወደ ጭላሎ ተራራ ታያለች። እውቀት ከፍ ያደርጋል ለማለት ነው። ንድፉን አይቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቆንጆ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ሐጂ ከድር እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ሊያነቡ መጥተው ሐውልቷ ፊት ቆመው ቀሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መጽሐፍ ይረገጣል እንዴ? ያውም በጫማ?»

«ሐጂ፣ ምሳሌ እኮ ነው።»

«ምሳሌ መሆኑ መች ጠፋኝ። ልጆቹ ግን የሚያዩት እግሯን ነው።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋዜጣውን ሳይነኩ ሄዱ።

ለቀራፂው ደወልኩለት። «ሲሚንቶው ደርቋል፤ ከነካካሁት ይሰነጠቃል» አለኝ። «ከፈለግሽ ጫማዋን ላውልቅላት» ብሎም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከሰዓት በኋላ መደርደሪያ ሳስተካክል አንድ መጽሐፍ አምልጦኝ ወደቀ። አነሳሁት፣ ሳምኩት፣ ግንባሬን አስነካሁት። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ያስለመደችን ነው፤ የወደቀው የሂሳብ መጽሐፍ ቢሆን እንኳ ትስመው ነበር። ቀና ስል በመስኮቱ በኩል የልጅቷ ጫማ ታየኝ።

ንድፉ ላይ ስፈርም ይህ የወደቀ መጽሐፍ የሚያነሳው እጄ የት ነበር?